ከቤት ውጭ እሳት ለማንደድ ሦስት ጉልቻና ጭራሮ ይበቃል ወይስ የእንጨቱ አደራደር ዋጋ አለው?

የቀሃው

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በጎንደር ከተማ ቅዳሜና እሑድ ወጣቶችን ይዘን በእግር የምንጓዝ ጥቂት ጓደኛሞች ነን። የመስቀል በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ኮሶዬ ድረስ ወጥተን አንድ ሌሊት በድንኳን አድረን ነበር። ዝናቡ ገና ጨርሶ ስላልወጣ መሬቱ እርጥብ ነው፤ የሚለቀመውም እንጨት ላዩ ርሶ ነበር። እሳት በማንደድ ነገር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ስላልተስማማን፣ ወጣቶቹ አይተው እንዲፈርዱ በአሥር እርምጃ ርቀት ሁለት እሳት አነደድን።

የእኔው ከልጅነቴ የማውቀው ነው። ሦስት ድንጋይ ጎለትሁ፤ የባሕር ዛፍ ልጣጭና አንድ እጅ ጭራሮ በመካከሉ አደረግሁ፤ ጎንበስ ብዬ እፍ እያልሁ በሦስተኛው ክብሪት ተያያዘልኝ። ጀበናው ለመፍላት ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ ተቀምጬ የሰማሁት ወግ የለም፤ ጭራሮ እየሰበርሁ ስጨምር፣ ጭሱን ስሸሽ፣ ሲዳከም እፍ ስል አመሸሁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሳይሆን የለቀምነው ሁሉ አለቀ።

ጓደኛዬ በበኩሉ ክብሪት ሳያወጣ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ግንዱን በምሳር ፈለጠ፤ ከፍልጡ ደረቁን እየመረጠ በቢላዋ ፋቀው፤ አራት ወፍራም ፍልጦች ከሥር አጋደመ፤ በእነርሱ ላይ መካከለኛውን አግድም፣ በዚያ ላይ ቀጭኑን፣ ከሁሉም በላይ ፍቅፋቂውን ከመረና ከአናቱ ለኮሰው። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳት ወደ ታች ሲወርድ ማን አይቶ ያውቃል? ያ እሳት ግን ማንም ሳይነካው እስከ እኩለ ሌሊት ነደደ። ጀበና የሚጣድበት ስፍራ ስላልነበረው ቡናውን የጠጣነው በእኔው እሳት መሆኑን ግን መዝግቡልኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ፣ ምንም ለማያውቅ ወጣት ቀድመን ማስተማር ያለብን የትኛውን ነው?

ባለምሳር

እዚህ ላይ «ጓደኛዬ» የተባለው እኔ ነኝ፤ ሳቃችሁንም አልረሳሁትም። ወንድሜ የጻፈው በአብዛኛው ትክክል ነው፤ አንድ ሰዓት ማለቱ ግን ተጋኗል፤ ቢበዛ አርባ ደቂቃ ነው።

ከአናቱ የተለኮሰው እሳት ለምን እንደሠራ ላስረዳ። በነበልባል የሚነድደው እንጨቱ ራሱ ሳይሆን እንጨቱ ሲሞቅ የሚያወጣው ጋዝ ነው። እሳቱ ከሥር ሲሆንና ቀዝቃዛ እንጨት ከላይ ሲጫንበት፣ ከላይኛው እንጨት የሚወጣው ጋዝ ሳይነድ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ወንድሜን ሲያስለቅሰው ያመሸው ጭስ በከፊል ያልነደደ ማገዶ ነበር ማለት ነው። ከአናቱ ሲለኮስ ግን ከታችኛው እንጨት የሚወጣው ጋዝ በነበልባሉ መካከል ማለፍ ስላለበት ይነድዳል፤ ጭሱም ያንሳል። ታችኛው ወፍራም ፍልጥ ተራው እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ከላይ በሚመጣው ሙቀት እየደረቀ ይጠብቃል።

ሌሎቹንም አነዳዶች ሞክሬአቸዋለሁ። ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮ በሥር ማገናኘትና በአንዱ ማንደድ፣ በሌላው አየር ማስገባት የሚባለው በበጋ፣ ነፋስ በሚበረታበት ሜዳ ላይ እጅግ ጥሩ ነው። በመስከረም ወር በዋልካ አፈር ላይ ስሞክረው ግን ያገኘሁት ምድጃ ሳይሆን የውኃ ጉድጓድ ነበር። አንድ ደረቅ ግንድ አቁሞ አናቱን በመስቀለኛ ሰንጥቆ በስንጥቁ ውስጥ እሳት ማኖርም አለ፤ ይህኛው አናቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ጀበናም ብረት ድስትም ይሸከማል። ጣጣው የደረቀ ግንድና የሰላ ምሳር መፈለጉ ነው።

«ይህ ሁሉ ከስልክ የተቀዳ ነው» ለሚሉኝ ወጣቶችም መልስ አለኝ። የመስቀልን ደመራ ማን አስተማረን? መካከለኛውን እንጨት አቁመን ችቦውንና ሌላውን እንጨት ዙሪያውን ስናስደግፍ፣ ከሥሩ አየር እንዲገባ ሆዱም ክፍት እንዲሆን አድርገን ነው። ከአደራደር ሁሉ የሰከነው እርሱ ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ልዩነቱ «ቀላል» እና «የተራቀቀ» የሚባል አይደለም። ሁለታችንም በዚያ ሌሊት ደክመናል፤ እኔ ከክብሪቱ በፊት፣ እርሱ ከክብሪቱ በኋላ።

ሦስት ጉልቻ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ለመጨቃጨቅ ካልሆነ በስተቀር እኔ በሁለቱም እሳት እሞቅ ነበር።

የላብራቶሪው

በሙያዬ ኬሚስት ስለሆንሁ ከአደራደሩ በፊት ስለ ውኃው መናገር እፈልጋለሁ፤ በኮሶዬ የታገላችሁት ከእርሱ ጋር ነውና።

አዲስ የተቆረጠ እንጨት እስከ ክብደቱ ግማሽ ድረስ ውኃ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ የከረመ ማገዶ ግን ከ20 በመቶ አይበልጥም። ብዙ ሰው «ውኃው ሙቀቱን ይበላዋል» ይላል። ስሌቱ ሲታይ ግን ግማሹ ውኃ የሆነ እንጨት እንኳ ውኃውን ለማትነን የሚያወጣው ከጠቅላላ ሙቀቱ ከሰባት አንድ እጅ ገደማ ነው። ከባዱ ጉዳት ጊዜ ነው። ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ያ የእንጨቱ ክፍል ከውኃ መፍያ ሙቀት ብዙም አያልፍም፤ ይህም በኮሶዬ ከፍታ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንጨቱ የሚነድድ ጋዝ በብዛት አውጥቶ እንዲያያዝ ደግሞ ወደ 300 ዲግሪ መድረስ አለበት። በዚህ መካከል ክብሪቱም ልጣጩም ያልቃል።

ምሳሩ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግንድ በአራት ቢፈለጥ ለእሳት የሚጋለጠው ገጽ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ዝናብ ያላገኘው ደረቅ ሆዱም ወደ ውጭ ይወጣል። ጭራሮም ቶሎ የሚያያዘው ተፈጥሮ አስቀድማ ስለ«ፈለጠችው» ነው ልንል እንችላለን። ስለዚህ የሁለታችሁ እሳት የተለያየው በድርደራው ብቻ ሳይሆን አንደኛችሁ በተፈለጠ፣ ሌላኛችሁ በተለቀመ እንጨት ስለተጠቀማችሁ ጭምር ነው፤ ፈተናው ትክክለኛ አልነበረም።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። በጎንደር ከተማ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ ያህል ነው፤ በሰሜን ተራሮች ባሉት በግጭና በጨነቅ፣ 3,600 ሜትር ላይ፣ ወደ 65 በመቶ ይወርዳል። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ቢሆንም በእያንዳንዱ ሊትር የሚገኘው መጠን ያንሳል። በቆላ የሚሠራ ጥቅጥቅ ያለ ክምር እላይ ሲወጣ የሚታፈነው ስለዚህ ነው፤ በእንጨቶቹ መካከል የጣት ያህል ክፍተት ይተው። ላይተር የሚይዙ ሰዎችም በውርጭ ሌሊት ጋዙ ስለሚሰንፍ ብብታቸው ውስጥ ያሙቁት።

የአዘዞው

ይህን ያህል ሳይንስ ለምን አስፈለገ? ግማሽ ሊትር ቤንዚን በፕላስቲክ ይዞ መሄድ ነው፤ እርጥብም ሆነ ደረቅ፣ ቆላም ሆነ ደጋ፣ አንድ ክብሪት ይበቃል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ እያደረግሁ ምንም አልሆንሁም። ቤንዚን ከሌለ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭም ይሠራል።

የላብራቶሪው

ወንድሜ፣ አራት ዓመት ምንም አለመሆንዎ ዕድል ነው። ቤንዚን ከበረዶ በታች በሆነ ብርድ እንኳ የሚነድድ ተን ያወጣል፤ ይህ ተን ከአየር ስለሚከብድ በሣሩ ሥር እየተሳበ ክብሪቱን እስከሚጭረው ሰው እግር ድረስ ይመጣል። ክብሪቱ ሲጫር የሚያያዘው እንጨቱ ብቻ ሳይሆን በሰውየውና በእንጨቱ መካከል ያለው አየር ጭምር ነው። ነጭ ጋዝ ተን በብዛት ለማውጣት ከ38 ዲግሪ በላይ መሞቅ ስላለበት አደጋው ይቀንሳል፤ ቢሆንም በጋለ ፍም ላይ ፈጽሞ አይፈሰስም። የጠፋ በመሰለ እሳት ላይ ማፍሰስ ከሁሉም የከፋው ነው።

ስለ ከመነዳሪው ግን በከፊል እስማማለሁ። አውራ ጣት የሚያክል ቁራጭ ዝናብ እየዘነበ እንኳ ደቂቃዎች ስለሚነድድ ለጭንቅ ቀን መያዙን አልነቅፍም፤ ጭሱ ጥቁርና የሚከረፋ ስለሆነ ግን ሥጋ ሊጠብሱበት ላሰቡት እሳት አይሆንም። ጥጥ በቫዝሊን አሽቶ በትንሽ ቆርቆሮ መያዝ ያው አገልግሎት ይሰጣል፤ ሽታም የለውም።

ደምቢያዊት

ልጆቼ፣ ስታነቡኝ ታገሡኝ፤ ዕድሜዬ ከእናንተ ይበልጣልና ነገሬም ይረዝማል።

ያደግሁት በደምቢያ ሜዳ ነው፤ እንጨት ብርቅ በሆነበት፣ ማገዶ ማለት በአብዛኛው ኩበት በሆነበት አገር። እናንተ እሳት ስለ«ማንደድ» ስትጽፉ እያነበብሁ ልጅነቴን አሰብሁና፣ እኛ ቤት እሳት ሲነድድ እንጂ ሲለኮስ ያየሁበት ቀን ጥቂት መሆኑ ትዝ አለኝ። እናቴ ከመኝታ በፊት ወፍራሙን ትርኳሽ ከኩበቱ ፍም ጋር ምድጃው መካከል ሰብስባ በአመድ ታዳፍነዋለች። ሲነጋ አመዱን ገለጥ አድርጋ ጭራሮ ጣል ታደርግበታለች፤ ሁለት ጊዜ እፍ ስትል ቤቱ ይበራል። ክብሪት መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው ይህ ሁሉ፤ ለእናቴ ክብሪት መጫር የስንፍና ምልክት ነበር። አዳፍና ያደረችው እሳት ጠፍቶ ካደረ ደግሞ እኔ ገል ይዤ ጎረቤት እሳት ልጭር እላካለሁ። ፍሙን በገሉ ላይ በአመድ አልብሼ፣ በነፋሱ ጀርባዬን አዙሬ ስመለስ ያለው ጭንቀት አሁንም ይሰማኛል፤ መንገድ ላይ ከጠፋ መሳቂያ ነው።

በኋላ እንዳነበብሁት ተጭሮ የሚነድድ ክብሪት የተሠራው ጆን ዎከር በሚባል እንግሊዛዊ በ1826 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት መቶ ዓመት ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ሰው ዋና ጥበቡ እሳቱን እንዳይጠፋ መጠበቅ ነበር እንጂ በየቀኑ መውለድ አልነበረም፤ እናንተ ደግሞ በኮሶዬ ሌሊቱን ሁሉ ስታነድዱ አድራችሁ ጠዋት ቡና ለማፍላት እንደገና ክብሪት ጭራችሁ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ለወጣቶቹ አስቀድማችሁ ማዳፈንን አስተምሯቸው።

ስለ ኩበት አንድ ነገር ልጨምር። ኩበት ነበልባሉ ሰነፍ ነው፤ ቶሎ ጀበና ልጣድበት የሚል ሰው ያዝንበታል። ፍሙ ግን ሳይቸኩል ሌሊቱን ያነጋል፤ ስለዚህ ከጭራሮው በኋላ ከጎን ጣል ማድረግ እንጂ ከሥር ማድረግ አይገባም። ከእንጨት ወይራ ፍሙ ይቆያል፤ ክትክታም መልካም ነው። ጥድ ይፈነጣጠራልና ልብስና ድንኳን አጠገብ አይነድም። ቀርከሃ ሳይሰነጠቅ እሳት ውስጥ ከገባ በአንጓው መካከል የታፈነው አየርና እርጥበት ሲሞቅ እንደ ጥይት ይጮኻል። ጉልቻ ስትፈልጉም ከመገጭም ሆነ ከሌላ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ አታንሡ፤ በውስጡ የሰረገው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል፤ የአጎቴ ልጅ እስከ ዛሬ ቅንድቡ ላይ ምልክቱ አለ።

ደመራን ግን ከምሽት መሞቂያ ጋር ባታነጻጽሩት ደስ ይለኛል። ቢሆንም ችቦ ሲታሰር አይታችሁ ከሆነ፣ ቀጫጭኑ ደረቅ እንጨት ሳይላላም ሳይጠብቅም ነው የሚታሰረው። ካጠበቁት ይታፈናል፤ ካላሉት አንድ አንዱ ብቻ ነድዶ ይረግፋል። በቡሄ ዋዜማ ልጆች ሁሉ ይህን ያውቁት ነበር።

ባለምሳር

እትዬ፣ ስለ ደመራው ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በክብር ነበር የጠቀስሁት። ጠዋት ክብሪት ስለ መጫራችን ግን እንዴት አወቁ? አምስት ጭረናል።

ደባርቄው

በሰሜን ተራሮች ለብዙ ዓመት በቅሎ ስነዳ ኖሬአለሁ፤ እንግዶችን ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ እወስዳለሁ። እስካሁን ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ይህ ክርክር ለኮሶዬና ለጎርጎራ ይሁን፤ ወደ ፓርኩ ስትገቡ ግን ከዚያ እንጨት መስበር ክልክል መሆኑን ዕወቁ። አስታው ሲያዩት ቁጥቋጦ ይመስላል፤ በዚያ ብርድ ግን የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው፤ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ደረቅ ግንዱም ለማገዶ የቆመ አይደለም። ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበበት ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከትልልቅ ጭንቀቶቹ አንዱ ይኸው የግጦሽና የማገዶ ነገር ሆኖ ቆይቷል። ከዚያ ላይ የምንጠቀመው ከደባርቅ በጫንነው ከሰል ወይም በነጭ ጋዝ ምድጃ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ጓሳ የሚባለውን ሣርና አስታውን ያቃጠለውን እሳት ለማጥፋት ከወጣው ሕዝብ መካከል ነበርሁ። ከእስራኤል ሳይቀር ባለሙያዎች መጥተው አግዘዋል። ቅጠል ይዘን ስንመታው እፊታችን የጠፋው እሳት ከኋላችን ከጓሳው ሥር ተነሥቶ ይጠብቀን ነበር፤ የደረቀ ጓሳ ከሥሩ እየጤሰ እንደሚቆይ ያን ጊዜ አየሁ። በዚህ ምክንያት ሣር ላይ የሚነድድ እሳት ሳይ፣ ባለሦስት ጉልቻም ይሁን ባለአራት ደርብ፣ እንቅልፍ አይወስደኝም። የምታነድዱበትን ቦታ አንድ እርምጃ ዙሪያውን ሣሩን ላጡት፤ ስትነሡ ውኃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ ደግማችሁ አፍስሱ፤ አመዱ ውስጥ መዳፋችሁን ማስቀመጥ እስክትችሉ ድረስ ጠፋ አትበሉ።

እትዬ ስላሉት ማዳፈንም ላክል። በቤት ምድጃ የተባረከ ነገር ነው፤ በሜዳ ላይ ግን አዳፍኖ ትቶ መሄድ ለነፋስ አደራ መስጠት ነው።

የቀሃው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የላብራቶሪው ሰው «ፈተናው ትክክለኛ አልነበረም» ያሉት ስላሳፈረኝ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጎርጎራ ወርደን ከጣና ዳር ደገምነው። በዚህ ጊዜ ሁለታችንም ከአንድ ነጋዴ የተገዛ አንድ ዓይነት የባሕር ዛፍ ፍልጥ እኩል እኩል ተካፈልን፤ ሁለታችንም በአንድ ምሳር እያፈራረቅን አሳነስነው።

የሆነው እንዲህ ነው። የእኔ ጉልቻ በአንድ ክብሪት ተያያዘ፤ ማገዶው የተፈለጠና የደረቀ ስለነበር ያን ያህል እፍ ማለት አላስፈለገኝም። ጓደኛዬ የደረደረው ዛሬም ያለ ጭስ ወደ ታች ነደደ፤ ነገር ግን ከሐይቁ የመጣው ነፋስ አናቱን እየገፈፈ ፍንጣሪ ስለበተነ፣ ደባርቄው ያሉትን አስበን ዙሪያውን ውኃ አርከፈከፍን። ጉልቻው በድንጋዮቹ ስለተከለለ ነፋሱ አልበረታበትም። በጊዜ ቆይታ የጓደኛዬ ረዘመ፤ ልዩነቱ ግን በኮሶዬ እንዳየነው አይደለም፤ አርባ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ከዚያም ከወጣቶቹ አንዲቱ፣ እኛ ስንከራከር ዝም ብላ ትመለከት የነበረች ልጅ፣ የጓደኛዬን ፍም በአካፋ ቆርሳ ወደ እኔ ጉልቻ አመጣችና ጀበናዋን ጣደች። ሁለታችንንም አላማከረችንም።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ወር ትምህርት የምንጀምረው በመፍለጥ ነው። ክብሪት ለማንም አይሰጥም፤ መጀመሪያ ቀን ሁሉም ሰው የክብሪት እንጨት የሚያክል፣ የእርሳስ የሚያክልና የአውራ ጣት የሚያክል ሦስት ክምር አዘጋጅቶ ያሳየናል። ከዚያ በኋላ ሦስት ጉልቻ፤ ነፋስ በሌለበትና ምሽቱ ረጅም በሆነበት ቀን ደግሞ የባለምሳር አደራደር። በጎርጎራ እሳቱን ያጠፋነው በአራት ባልዲ ውኃ ነው፤ በሁለተኛው ባልዲ ጠፋ ብለን ነበር፤ መዳፌን ሳስገባ ግን ቶሎ አወጣሁት።

ደምቢያዊት

አካፋ ይዛ ፍም የቆረሰችውን ልጅ ስሟን ሳትጽፉ ሰላም በሉልኝ፤ በገል ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር። ምሳሩን ግን ለልጆቹ ከመስጠታችሁ በፊት እጀታው እንዳይወልቅ ውኃ ውስጥ አሳድሩት፤ በበጋ እንጨቱ ይሟሽሽና ብረቱ ይላላል።